በሦስት ነጥብ የታረደው በግ

በዕድሜዬ ለእኔ ተብሎ በግ የታረደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በስሕተት። ስሕተቱ የአራጁ አልነበረም፤ ዱዓ ያደረጉት ሸህም የሉበትም። የራሴ ነበር። ታሪኩን ላጫውታችሁ፤ መሳቅ ይፈቀዳል። እኔም ሳስታውሰው እስቃለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ብቻ ሳቄን አቆማለሁ።

ዘመኑ በሳዑዲ የሳምንቱ ዕረፍት ሐሙስና ዓርብ፣ የሥራው መጀመሪያ ደግሞ ቅዳሜ የነበረበት ነው። ስሜ ሰይድ ይባላል፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ በደማምና በኾበር መካከል ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምማር የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲው ንጹሕና ጸጥ ያለ ክፍል ሰጥቶኝ ነበር፤ ጸጥታው ግን አላስበላ አላስተኛ ሲለኝ ሻንጣዬን ይዤ ቱቅባ ገባሁ። ቱቅባ የኾበር አሮጌ ሰፈር ነው፤ እኔ የተጠጋሁበት ቤት ሁለት ክፍልና አንድ ኤሲ ያለው፣ ስምንት የወሎ ሰዎች የሚኖሩበት ነበር። እኔ ዘጠነኛ ሆንኩ። ትራሴ ከኤሲው በጣም የራቀው ነበር፤ ለተማረ ሰው ክብር ሲባል ከበሩ አጠገብ አስተኙኝ።

የቤቱ አባወራ ጋሽ ሁሴን ነበሩ። ሃምሳን ያለፉ፣ የኮምቦልቻ ሰው፣ በሴራሚክ ማንጠፍ የሚተዳደሩ። እጃቸው ሲታጠብም ሲሚንቶ አይለቀውም። ብቻቸውን መሥራታቸው ሁሉንም ሰው ይገርመው ነበር፤ ረዳት ይቀጥራሉ፣ በሳምንቱ ያሰናብታሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ "አልተስማማንም" ብቻ ነው መልሳቸው።

አሁን ስለ ሥራዬ ጥቂት ልንገራችሁ፤ አትሽሹ፣ አጭር ነው። ብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖች ይሯሯጣሉ፤ አቶሞቹ ደግሞ ባሉበት ሆነው ይንቀጠቀጣሉ። መንቀጥቀጡን ፎኖን እንለዋለን። ኤሌክትሮኖቹና ፎኖኖቹ ምን ያህል እንደሚጎናተሉ ካወቅን፣ ያ ብረት ስንት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት እንደሚያሳልፍ በኮምፒዩተር መገመት ይቻላል። ችግሩ የመንቀጥቀጡ ዓይነት ማለቂያ የለውም። ሁሉንም ማስላት ስለማይቻል መረብ ትዘረጋላችሁ፤ እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ አንድ ነጥብ ትመርጣላችሁ፣ እያንዳንዱ ነጥብ በዙሪያው ላለው ሁሉ ይመሰክራል። መረቡ ሲጠብቅ እውነቱ ይቀርባል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ለሳምንታት ይያዛል። መረቡ ሲሳሳ ቶሎ ያልቃል፤ የሚመሰክረው ነጥብ ግን ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል።

ለሥራው ሁለት መረብ ያስፈልጋል፤ አንድ ለኤሌክትሮኖቹ፣ አንድ ለፎኖኖቹ። የኤሌክትሮኖቹን እንደ ደንቡ ደጋግሜ አጥብቄ፣ ቁጥሩ አልነቃነቅ እስኪል ፈትሼዋለሁ። የፎኖኖቹን ግን ለሙከራ ያህል በስምንት ነጥብ ጀመርኩት። ብረቱ ቅርጹ የተስተካከለ ስለሆነ ከስምንቱ አብዛኞቹ መንትዮች ናቸው፤ በተግባር የሚሰላው ሦስት ብቻ ነው። ሦስቱ አለቁና ኮምፒዩተሩ ውጤቱን አወጣ፦ ሠላሳ ስምንት ኬልቪን።

የብረቱን ስም ብነግራችሁ ለምንም አይጠቅማችሁም፤ ለእሱ ዓይነቱ ሠላሳ ስምንት ጉድ የሚያሰኝ ቁጥር መሆኑን ግን እወቁልኝ። ሦስት ወይም አራት ቢለኝ ኖሮ "መረቡ ሳስቶ ይሆን?" ብዬ እመረምር ነበር። ደስ የሚያሰኝ ቁጥር ግን ማን ይመረምራል? በዚያው ሰዓት ለአማካሪዬ ለዶክተር ናቢል ላክሁት። እሳቸው ዮርዳኖሳዊ ናቸው፤ ከንግግራቸው ዝምታቸው የሚያስፈራ ሰው። በአንድ ቃል መለሱልኝ፦ "ሙምታዝ።" ግሩም ማለት ነው።

ያ አንድ ቃል ለእኔ ነፍስ ነበር። የትምህርት ጊዜዬ እያለቀ ነው። ቅዳሜ ሴሚናር አቀርባለሁ፤ ሴሚናሩ ካማረ ዶክተር ናቢል የማራዘሚያ ደብዳቤ ይጽፉልኛል። ካላማረ ስኮላርሺፑ ይቆማል፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይሰረዛል፣ ኹሩጅ የሚሉት የመውጫ ማኅተም ይመታልኛል። ያለ ዲግሪ ደሴ መግባት ማለት ደግሞ ዕድሜ ልክ "ያ ሳዑዲ ሄዶ የነበረው" መባል ነው።

ደስታዬን መያዝ አቃተኝና በዚያው ቀን ቤት ገብቼ ተናገርኩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

"ቁጥሩ ስንት አልክ?" አለኝ አወል። አወል ኤሲ ጠጋኝ ነው፤ የሙቀትን ነገር ለማንም አያስነካም።

"ሠላሳ ስምንት።"

"ሠላሳ ስምንትማ ምን ይገርማል፣ እዚህ ሐምሌ ላይ ከዚያ በላይ ይሞቃል።"

"የአንተ ዲግሪ አይደለም። በአንተ ሲቆጠር ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ነው።"

አወል ቀና ብሎ ኤሲውን አየና "በስፕሊት አይደረስበትም" አለ።

"ጋዙ ቢሞላስ?" ጠየቁ ጋሽ ሁሴን።

"ቢሞላም።"

"እሺ፣ ያለ ብክነት ማለት ቆጣሪው አይዞርም ማለት ነው?" አለ አወል።

"ሽቦው ውስጥ የሚባክን ኤሌክትሪክ አይኖርም ማለት ነው እንጂ…"

"እኮ፤ አይዞርም።"

በነጋታው ቱቅባ ውስጥ የወሎ ልጅ ቆጣሪ የማያዞር ሽቦ አወጣ ተባለ። ከደማም ኢንዱስትሪ ከተማ አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ ሁለት ጥቅል ከተረፈኝ እንዳልረሳው ለመነኝ። ልብስ ሰፊው ሸህ ኑሩ፣ የሰፈሩ የወሎ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ ሰው ላኩብኝ። "ልጄ፣ እንዲህ ያለ ኒዕማ፣ እንዲህ ያለ የአላህ ጸጋ፣ ያለ ሹክር አይታለፍም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዱዓ ይደረግልሃል፣ በግ ይታረዳል" አሉ። እምቢ ማለት እችል ነበር? እንኳን እኔ፣ በጉም አልቻለም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ሁሴን ትራሴን መታ መታ አደረጉ።

"ተነስ። ዛሬ ምላስህን እፈልገዋለሁ።"

አል-ሒዛም አል-አኽደር በሚባለው ሰፈር ካፊላቸው፣ ዋስ ሆኖ የሚያሠራቸው ሳዑዲ፣ አዲስ ቪላ አሠርቷል። የእንግዳ መቀበያውን አዳራሽ ወለል ያነጠፉት እሳቸው ናቸው፤ በዚያን ቀን የካፊሉ መሐንዲስ ሥራውን ሊረከብ ይመጣል። ጋሽ ሁሴን አረብኛ አያጡም። ሲናደዱ ግን አረብኛው ጥሏቸው ይሄዳል፤ እኔ የተፈለግሁት ለዚያች ሰዓት ነው።

መሐንዲሱ ግብፃዊ ነው፤ ጫማው ከቪላው መስታወት ይበልጥ ያበራል። የሴራሚክ ርክክብ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ከሥሩ ሲሚንቶው በደንብ ያልሞላለት ሴራሚክ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል፤ የሞላለት ደግሞ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። መሐንዲሱ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። አዳራሹ አቧራማ ስለነበረ ጫማው አሳዘነውና ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ፣ በሩ ጥግ ቆሞ ጎንበስ እያለ አምስት ሴራሚክ መታ። ሁለቱ ጮኹ።

"ከአምስት ሁለት" አለ። "ግማሽ አዳራሽ ባዶ ነው ማለት ነው። ኸላስ፣ አበቃ፣ ሁሉም ይነቀል።"

ጋሽ ሁሴን ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ሦስት ሳምንት ተንበርክከው የሠሩት ነው። ከዚያ እንደፈራሁት አረብኛው ጠፋ።

"ንገረው" አሉኝ በአማርኛ። "አንተ የመታኸው ጥጉን ነው፤ የፈረድከው በቤቱ ላይ ነው በለው።"

ነገርኩት።

"አሥራ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ልምድ አለኝ" አለ መሐንዲሱ።

"ልምዱን ይያዘው፣ ቁልፉን ያውሰኝ በለው።"

ይህን ለስለስ አድርጌ ተረጎምኩት። ጋሽ ሁሴን ቁልፉን ተቀብለው ከበሩ ማዶ ካለው ግድግዳ ጀመሩ፤ በጉልበታቸው እየሄዱ፣ መስመር በመስመር፣ አንድም ሳይዘሉ። እኔ እርሳስና ካርቶን ይዤ እቆጥራለሁ። መሐንዲሱ ሁለት ሲጋራ ጨረሰ። ከሦስት መቶ ስልሳ ሴራሚክ ሰባቱ ጮኹ፤ ሰባቱም በሩ ጥግ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ሲሚንቶው ሳይደርቅ ውሃ የለቀቀበት ቦታ ላይ። ጋሽ ሁሴን ሰባቱንም በእርሳስ አከበቡ፤ መሐንዲሱ ያገኛቸውን ሁለቱን ብቻ ሳይሆን እሱ ያላያቸውን አምስቱንም።

"እነዚህን ነቅዬ ደግሜ እሠራለሁ በለው።"

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" አለ መሐንዲሱ ቁልፉን ሲቀበል።

እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ በሆዴ እየሳቅሁበት ነበር። ጥግ ላይ ቆሞ በአምስት ሴራሚክ አዳራሽ የሚያፈርስ መሐንዲስ እንዴት አያስቅም? አምስት እንኳ… አልኩና ቆምኩ። የእኔስ ስንት ነበር? ሦስት። ከሦስቱ ደግሞ ትልቁን ቁጥር የሰጠኝ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የመረቡ ጥግ ላይ ያለው። በሳሳው መረቤ ያ ጥግ ከእነ መንትዮቹ ከስምንቱ ነጥብ የሦስቱን ድርሻ ይዟል። እኔ ከመሐንዲሱ የምለየው በጫማዬ ብቻ ነበር።

"ምነው? አመመህ እንዴ?" አሉኝ ጋሽ ሁሴን።

"አይ፣ ሙቀቱ ነው።"

"ኤሲው እኮ በርቷል።"

ታክሲ ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው በረርኩ። ላቦራቶሪ ውስጥ ጠይብ ነበር፤ ሱዳናዊ የክፍል ጓደኛዬ፣ ዶርሙ ከላቦራቶሪው ጎን ስለሆነ በዕረፍት ቀንም ከዚያ አይጠፋም። ሁሉንም ነገርኩት። ጠይብ ነገር ማሳመር አይወድም።

"በሦስት ነጥብ ነው በግ የምታሳርደው?" አለኝ።

መረቡን ወደ ስልሳ አራት ነጥብ አጠበቅነው። መንትዮቹ ሲወጡ የሚሰላው ስምንት ይሆናል፤ ሦስቱ በእጄ ናቸው፣ አምስት ይቀራሉ። የዕረፍት ቀን ስለሆነ ኮምፒዩተሮቹን የሚሻማን አልነበረም፤ አምስቱንም በአንድ ጊዜ ለቀቅናቸው። ዓርብ ከሰዓት ያልቃሉ። በዚህ መረብ ያ ነገረኛ ጥግ የሚይዘው ከስልሳ አራት የሦስት ነጥብ ድርሻ ብቻ ነው። አምስቱ አዳዲስ ነጥቦች እንደ ጥጉ ትልቅ ቁጥር ከሰጡ ዳንኩ፤ ትንሽ ከሰጡ አበቃልኝ።

"አንተ ሂድና ዱዓህን ተቀበል" አለኝ ጠይብ። "እያንዳንዱ ሲያልቅ መልእክት እልክልሃለሁ።"

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለቱ ክፍሎች ሞልተው ሰዉ እስከ ደረጃው ድረስ ተቀምጧል። ከማልጠብቃቸው ቦታዎች ሁሉ መጥተዋል፤ ሹፌሩ፣ ዘበኛው፣ ከፋብሪካ ያደሩት። እኔን መሐል ላይ አስቀመጡኝ። ሸህ ኑሩ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ሁላችንም ዘረጋን። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ድምፁን አጥፍቼ እንዲነዝር ብቻ አድርጌዋለሁ።

"አላህ ያልታየውን ያሳይህ" አሉ ሸህ ኑሩ።

"አሚን" አለ ቤቱ።

ስልኬ ነዘረ። ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ጠይብ ነው፦ "አንደኛው፦ ትንሽ።"

"የተሸፈነውን ይግለጥልህ።"

"አሚን።"

"ሁለተኛው፦ ትንሽ። አላህ ያጽናህ።"

ዱዓው በሙሉ እየደረሰ ነው፤ የሚደርሰው ግን እኔ በማልፈልገው አቅጣጫ ነው። ሸህ ኑሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጠሉ። "ከቸኮለ ሰው ስሕተት ይጠብቅህ።"

"አሚን።"

"ሦስተኛው፦ በጣም ትንሽ። ሁለት ጊዜ አየሁት።"

"ሸህ" አልኩ በሹክሹክታ፣ "ይበቃል።"

"ገና ነው ልጄ" አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ዕውቀትህን ከውሸት አጥርቶ ነጭ ያድርግልህ።"

"አሚን" አለ ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ፤ አወል ከሁሉም በላይ ጮክ አለ።

"አራተኛው፦ ስለ እሱ ባትጠይቀኝ ይሻላል።"

ምግቡ ሲቀርብ አምስተኛው መጣ። ጠይብ ቁጥሮቹን በሙሉ ደርድሮ ከሥር አንድ ነገር ጨምሯል፦ "በጉን ብላ።" ሩዙና ሥጋው የተዘረጋበት ላስቲክ ላይ በብዕር መደመር ጀመርኩ። ከአንድ አጥንት ሥር ጀምሬ እስከ አወል ጉልበት ድረስ ደመርኩ፣ አባዛሁ፣ አካፈልኩ። ብዕሩን አስቀመጥኩ።

"ስንት ሆነ?" አለ አወል አፉ ሞልቶ።

"ሁለት።"

"በሠላሳ ስምንቱ ላይ?"

ሰው ሁሉ ሲበላ ሸህ ኑሩን ወደ ማድ ቤቱ በር ወሰድኳቸውና ነገርኳቸው። ስለ ነጥቦቹ፣ ስለ ጥጉ፣ ስለ መረቡ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩ። ታግሠው ሰሙኝ።

"ሸህ፣ እንግዲህ ዱዓው ከንቱ ሆነ" አልኳቸው መጨረሻ ላይ።

"ዱዓ ከንቱ አይሆንም። ከንቱ የሆነው ቁጥርህ ነው።"

"በጉስ?"

"በጉማ ተበልቷል" አሉ ወደ ክፍሉ አየት አድርገው። "ይልቅ ነገ ለአስተማሪህ ንገራቸው። እንደነገርከኝ አድርገህ።"

"እሺ" አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሴሚናሩ አዳራሽ ስገባ ዶክተር ናቢልና ሌሎች አስተማሪዎች ተቀምጠዋል። ዶክተር ናቢል እጃቸው ላይ ወረቀት ይዘዋል፤ የማራዘሚያ ደብዳቤዬ ረቂቅ መሆኑን አውቄዋለሁ፣ ሠላሳ ስምንት የሚለው ቁጥር ከሩቅ ይነበባል። ኮምፒዩተሩን ስሰካ በሩ ተከፈተና ጋሽ ሁሴን ገቡ። ሸህ ኑሩ የሰፉላቸውን ነጭ ቶብ፣ የሳዑዲዎቹን ረጅም ቀሚስ፣ ለብሰዋል፤ ጺማቸው ተስተካክሏል፣ ሽቶ ተቀብተዋል። ከኋላቸው ጠይብ አለ፤ እሱ ነው እንግዳዬ ናቸው ብሎ በዋናው በር ያስገባቸው።

የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ በአለባበሳቸው ትልቅ ሰው መሰሉት። ብድግ ብሎ ከፊት ወንበር ላይ፣ ከዶክተር ናቢል ጎን አስቀመጣቸው፤ ሻይና ቴምር አቀረበላቸው። ጋሽ ሁሴን ክብሩን እንደ ለመደ ሰው ተቀበሉ። ዶክተር ናቢልን ቴምሩን ጋበዙ፤ ዶክተር ናቢልም አንድ አነሱ። ከዚያ ጋሽ ሁሴን ጎንበስ ብለው የአዳራሹን ወለል በጣታቸው ቋ አደረጉት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደዱት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው አዩኝ። ያ ፊት አሁንም ይታየኛል፤ ልጁ የሚዳርለት አባት ፊት ነበር።

"ለዶክተር ናቢል የላክሁት ቁጥር ስሕተት ነው" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ትክክለኛው ሠላሳ ስምንት ሳይሆን ወደ ሁለት የሚጠጋ ነው።"

ዶክተር ናቢል መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ጥጉን አሳየሁ፣ የሳሳውን መረብና የጠበቀውን ጎን ለጎን አደረግሁ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደ ወደቀ በሥዕል አሳየሁ። ሥዕሉ ላይ መስመሩ ከላይ ወደ ታች ተምዘግዝጎ ሲወርድ ጋሽ ሁሴን፣ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል የማያውቁት፣ "ማሻ አላህ" አሉ። አንድ አስተማሪ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"አሁን የዘረጋኸው መረብስ ይበቃል?" ዶክተር ናቢል ጠየቁ።

"አላውቅም። ከዚህም በላይ አጥብቄ ማየት አለብኝ።"

ሌላ አልጠየቁም። ሲያልቅ እኔንና ጋሽ ሁሴንን ወደ ቢሯቸው ጠሩን። ኮምፒዩተራቸው ላይ ደብዳቤውን ከፍተው ሠላሳ ስምንት የሚለውን አጠፉት። ባዶው ቦታ ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። ለእኔ ያቺ ባዶ ቦታ ደሴ ሆና ታየችኝ።

ዶክተር ናቢል ወደ ጋሽ ሁሴን ዞረው በአረብኛ የሆነውን ነገሯቸው፤ ልጁ ትልቅ ነገር አገኘሁ ብሎ ነበር፣ ዛሬ ራሱ አፈረሰው። ጋሽ ሁሴን ያን ጊዜ ነው የሰሙት። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የበጉ ሥጋ ገና ከጥርሳቸው አልወጣም።

"ሥራህ ምንድን ነው?" ዶክተር ናቢል ጠየቋቸው።

"ሴራሚክ አነጥፋለሁ፣ ያ ዶክቶር።" አልተናደዱም ነበርና አረብኛቸው አልጠፋም። "ሃያ ዓመት ሙሉ ረዳት ስፈልግ ኖሬያለሁ። የሚያነጥፍ ሞልቷል። ያነጠፈው ሲጮኽ ማንም ሳያይበት ራሱ የሚነቅል ግን አጥቼ ብቻዬን እሠራለሁ። አንተ አንዱን አግኝተሃል፤ ካልፈለግከው ለእኔ ስጠኝ።"

ዶክተር ናቢል ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባዶው ቦታ ላይ ምን እንደጻፉ ኋላ አነበብኩት፦ ተማሪው የራሱን ስሕተት ራሱ አግኝቷል፣ ስንት ነጥብ እንደሚበቃ ለይቶ እንዲያሳውቅ አንድ መንፈቀ ዓመት ይጨመርለት። ተጨመረልኝ። የመመረቂያ ጽሑፌም ስለ ብረቱ መሆኑ ቀርቶ ስለ መረቡ ሆነ። ቱቅባ ግን ይህን ሁሉ አልተቀበለችም፤ አወል እስከመጨረሻው ድረስ ሽቦውን ሳዑዲዎች ወስደውብኝ ነገሩን እንደደበቅሁ ነው የሚያምነው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ አገር ቤት ገብቼ አስተምራለሁ። ተማሪ ደስ የሚል ውጤት ይዞ ሲመጣ ፊቴ የሚጠቁረው ለዚህ ነው፤ ክፉ ሆኜ አይደለም። ጠላታችሁ የሆነውን ቁጥር መመርመር ማንም አያቅተውም። ከባዱ የምትወዱትን መመርመር ነው፤ በተለይ በስሙ በግ ከታረደ በኋላ። በሕይወቴ ሌላም ብዙ ነገር ጥግ ላይ ቆሜ ፈርጄበታለሁ፤ በሰው ላይ፣ በአገር ላይ፣ በራሴም ላይ። ያ ሳምንት ወደ ውስጥ ዘልቄ እንዳይ አስተምሮኛል ብዬ እዚህ ላይ ብቋጨው ደስ ባለኝ።

ግን ሳቄ የሚቆምበት ቦታ አለ ብያችሁ ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒዩተሬ ውስጥ ሁለት ፋይል ነበረ። አንዱ ሁለት የሚለው፣ ሌላው ሠላሳ ስምንት የሚለው። ለሸህ ኑሩ እሺ ብዬ ብወጣም አውቶቡስ ውስጥ ኹሩጁንና ደሴን ሳስብ ሐሳቤ ተለወጠ። ደብዳቤው እስኪፈረም ብቻ፣ ከዚያ በኋላ አርማለሁ፣ ከጠይብና ከሸህ ኑሩ በቀር ማንም አያውቅም፣ እነሱም አያጋልጡኝም ብዬ ወሰንኩ። አዳራሹ ውስጥ የከፈትኩት ሠላሳ ስምንቱን ነበር። በሩ ተከፍቶ ጋሽ ሁሴን ሲገቡ ግን በጉልበታቸው እየሄዱ መሐንዲሱ ያላያቸውን አምስት ሴራሚኮች ሲያከብቡ ታዩኝ። ፋይሉን ዘጋሁትና ሌላውን ከፈትኩ።

ጋሽ ሁሴን ከዓመታት በኋላ በሰላም ኹሩጅ ተመትቶላቸው ኮምቦልቻ ገብተዋል። ስንገናኝ ያን ቀን ለዶክተር ናቢል የተናገሩትን ለልጆቻቸው ይደግሙላቸዋል፣ በእኔም ይኮራሉ። ስንት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። አሁን ከልጆቻቸው አንዱ ይህን ያነብላቸው ይሆናል፤ ስለዚህ እዚሁ ልንገራቸው። ጋሽ ሁሴን፣ ማንም ሳያየኝ አልነበረም የነቀልኩት። እርስዎ እያዩኝ ስለነበረ ነው።